ከ127 በላይ

ነገሌ ቦረና ላይ ፕሮግራም ሲበላሽ የሚደወልለት ሰው አልነበረም። ስልኩስ ነበር፣ ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ። ያልነበረው በወዲያኛው ጫፍ አንሥቶ «እስቲ ስክሪኑ ላይ ያለውን ያንብቡልኝ» የሚል ሰው ነው። አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከነገሌ አልፎ ፊልቱና ዶሎ አዶ፣ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ሜጋና ሞያሌ ላለ ሠራተኛ ርቀቱ ይብሳል። እዚያ የተላከ ፕሮግራም አንዴ ከሄደ ሄደ ነው፤ ስሕተት ካለበት ስሕተቱን ይዞ ይኖራል፣ ሰዎቹም ከስሕተቱ ጋር መኖርን ይለምዳሉ።

የማወራው ከ2001 እስከ 2003 ዓ.ም. ስላሉት ዓመታት ነው። ያኔ የምሠራበት ቡድን ለጤና ጣቢያዎችና ለሆስፒታሎች የመድኃኒት መጋዘን የሚያገለግል አነስተኛ ፕሮግራም ተረክቦ ነበር። በጃቫ የተጻፈ ነው። መጀመሪያ የጻፉት ልጆች ሥራ ቀይረው ስለሄዱ ኮዱ እኛ እጅ ገባ። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣለታል፣ የወሩ ሪፖርት በፍላሽ ተገልብጦ ወደ ዞን በሚሄድ መኪና ይላካል። ሹፌሩ ፍላሹን በሸሚዙ ኪስ ይዞ፣ በቀዩ አቧራ ውስጥ፣ ኩይሳና ግራር ብቻ በሚታይበት ሜዳ ሲወርድ አብሬው የሄድኩባቸው ቀናት ዛሬም ዓይኔ ላይ አሉ።

ከቆላው ከተሞች በአንዷ መጋዘኑን የያዙ ሴት ነበሩ። የከተማው ሰው «አዴ» እያለ በአክብሮት ይጠራቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ነበር የምጠራቸው። በዕድሜ እናቴን ይቀርባሉ። መጋዘናቸው ሲገቡበት ያስደንቃል፤ የዕቃ መከታተያው ቢን ካርድ በየመደርደሪያው ተሰቅሏል፣ ቀድሞ የሚያልፍበት መድኃኒት ከፊት ነው፣ ካርቶን መሬት አይነካም። እንዲህ የሚሠራን ሰው ነው ፕሮግራሙ በየወሩ መጨረሻ የሚከሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሩ ሲያልቅ ዕቃው ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ይገባል፤ ፕሮግራሙ የተቆጠረውን ከተመዘገበው ጋር ያመሳክራል። የማይመሳከር ሲያገኝ ከዕቃው ስም ጎን ኮከብ ያደርግና ዝርዝሩን ያትማል። የአዴ ዝርዝር ኮከብ በኮከብ ነበር። ኦአርኤስ ኮከብ፣ ፓራሲታሞል ኮከብ፣ ሲሪንጅ ኮከብ፣ ጓንት ኮከብ። ዋጋቸው ውድ የሆኑትና በቁጥር ጥቂት የሆኑት ዕቃዎች ግን ንጹሕ ናቸው።

በአገራችን መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ጉድለት ማለት ምን እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። ዕቃ የሚገባው በሰው ስም ነው። ሞዴል 19 ላይ ፈርሞ የተረከበ፣ በሞዴል 22 ያወጣ ሰው ከደመወዙም ከስሙም ይጠየቃል። ኮከቡ ሲበዛ አጣሪ ኮሚቴ በደብዳቤ ተቋቁሞ መጣ። ቆጠረ። ዕቃው ሙሉ ነው። ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይዞ ተመለሰ። በሚቀጥለው ወር ኮከቦቹ እዚያው ቦታቸው ላይ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሐሜት ነው ከሁሉም የሚከብደኝ፤ ምክንያቱም ሲሰሙት ያሳምናል። «ብዙ ካለበት ላይ ትንሽ ትንሽ ቢነሣ ማን ያውቃል?» ይባል ነበር። ኮከቡ ብዛት ያለው ዕቃ ላይ ብቻ መውደቁ ለወሬው ማስረጃ ሆነ። ኮሚቴው የቆጠረው ሙሉ መሆኑ ደግሞ «ሲሰሙ መልሰው ሞልተውት ነው» ተብሎ ተተረጎመ። አዴ ራሳቸውን መጠራጠር ጀመሩ። ማታ ማታ ባትሪ እያበሩ የሲሪንጅ ካርቶን ይቆጥሩ እንደነበር የነገረችኝ አብራቸው የምትሠራው ልጅ ናት። እሳቸው ለእኔ ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ አይጽፍም መቼም። እኔ ነኝ የሆነ ነገር ያልታየኝ።»

አዲስ አበባ ቢሮአችን ውስጥ ኮከቡ አልታይ አለ። ፕሮግራሙን እናስነሣለን፤ አሥር እናስገባለን፣ አሥር ቆጠርን እንላለን፤ ንጹሕ። ሃያ፣ አምሳ፣ መቶ፤ ንጹሕ። አሳንሰን ስናስገባ ኮከብ ያደርጋል፤ ልክ ነው። ለሙከራ የያዝነው መረጃ የትንሽ ጤና ኬላ መረጃ ነበር፤ እጅ ሲደክም ደግሞ ማንም ሰው ለሙከራ ትልቅ ቁጥር አይጽፍም። ቡድኑ «ሰዎቹ ሲያስገቡ ይሳሳታሉ» ወደሚለው ማዘንበል ጀመረ። ይህ ድምዳሜ በየቢሮው ምን ያህል ጊዜ እንደተደረሰና ስንት ሰው እንደጎዳ ሳስብ እስካሁን ሆዴን ይበላኛል።

ያን ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፋይንድባግስ የሚባል መሣሪያ በፍላሽ ይዞ መጣ። አሠራሩ ከለመድነው የተለየ ነው። ፕሮግራሙን አያስነሣም፤ ቁጥር አያስገባም፤ ቁልፍ አይጫንም። የተጠናቀረውን ኮድ መስመር በመስመር ያነብና «እዚህ ጋ እንዲህ የጻፍከው እንደዚህ ማለትህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቢል ፒው እና ዴቪድ ሆቭሜየር የሚባሉ ሰዎች በአሜሪካ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ስሕተት ማግኘት ቀላል ነው ብለው ነበር የተነሡት። ትልልቅ ኩባንያዎች የሚሠሩበት ኮድ፣ የጃቫ የራሱ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር፣ ማንም ሊጽፈው በማይገባ ተራ ስሕተት የተሞላ መሆኑን ያሳዩት ያንኑ ስሕተት የሚመስል ቅርጽ በማሽን በማስፈለግ ነው።

መሣሪያው በኛ ኮድ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማስጠንቀቂያዎች አወጣ። አብዛኛው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ከመካከላቸው አንዱ ግን በማመሳከሪያው ክፍል ላይ አረፈ፤ ሁለት ኢንቲጀሮች የተነጻጸሩበት መንገድ ያጠራጥራል ይላል። መስመሩን ከፈትነው። የተቆጠረው ከተመዘገበው ጋር እኩል ካልሆነ ኮከብ አድርግ የሚል አንድ አጭር መስመር ነው። ማንም አንብቦ የሚያልፈው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ይህ ነው። በጃቫ ቁጥር በሁለት መልክ ይያዛል፤ እንዲሁ ቁጥር ሆኖ፣ ወይም ዕቃ ውስጥ ተጠቅልሎ። ከዳታቤዝ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የተጠቀለለው ነው። ሁለት የተጠቀለሉ ቁጥሮችን በሁለት የእኩል ምልክት ሲያነጻጽሩ ቋንቋው የሚጠይቀው «መጠናቸው አንድ ነው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ያው አንዱ ዕቃ ናቸው ወይ?» ብሎ ነው። ታዲያ አሥርና አሥር እንዴት ልክ ይሆኑ ነበር? ጃቫ ጊዜ ለመቆጠብ ከኔጌቲቭ 128 ጀምሮ እስከ 127 ላሉት ቁጥሮች አስቀድሞ የተዘጋጀ መጠቅለያ ይዞ ይጠብቃል፤ አሥር በተጠየቀ ቁጥር ያንኑ አንዱን አሥር ይሰጣል። ስለዚህ እስከ 127 ድረስ የተሳሳተው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ያገኛል። 128 ላይ ሲደርስ ግን ለእያንዳንዱ አዲስ መጠቅለያ ይሠራል። 144 እና 144 ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይሆናሉ። እኩል አይደሉም ይላል። ኮከብ።

አዴ መጋዘን ውስጥ ከ127 በላይ የሆነ ዕቃ ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ በየወሩ ጎደለ ይባል ነበር።

ቢሮው ውስጥ ማንም አልተናገረም። ያ ባልደረባዬ 127 አስገባ፤ ንጹሕ። 128 አስገባ፤ ኮከብ። ሌሎቹን ከተሞች መጠየቅ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ኮከቡ ሁሉም ጋ ነበር። አንዱ ጋ ማመሳከሪያውን መጠቀም ትተውታል። ሌላ ከተማ ያለ የመጋዘን ሠራተኛ ደግሞ ትልልቁን ዕቃ በሁለት በሦስት ስም ከፋፍሎ እየመዘገበ፣ እያንዳንዱን ከመቶ ሳያሳልፍ፣ ኮከቡን አስቀርቶታል። ያ ሰው ኮድ አይቶ አያውቅም፤ ወሰኑ የቱ ጋ እንደሆነ ግን እየሞከረ ደርሶበታል። ለማን ይንገር? እኔ ያን ሰው ከብዙ መሐንዲስ አስበልጬ አከብረዋለሁ።

የመሣሪያው ዋጋ የገባኝ ያኔ ነው። ሙከራ የሚመልሰው ያሰብከውን ጥያቄ ነው፤ ቢሮ ተቀምጦ የሚያስብ ሰው ደግሞ የቢሮውን ጥያቄ ነው የሚያስበው። ኮዱን ሳያስነሣ የሚያነብ መሣሪያ ግን የመጋዘኑን ስፋት ማወቅ አያስፈልገውም። 5 ይግባ 5,000 ይግባ፣ መስመሩ ራሱ ስሕተት መሆኑን ያያል። ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ተጠቃሚ ቅሬታውን በደቂቃ ይልካል፤ ማታውኑ ይስተካከላል። ቅሬታው የማይደርስበት ቦታ ላለ ሰው ነው እንግዲህ ስሕተቱ ሳይላክ በፊት መያዝ ያለበት።

የተስተካከለውን ይዤ ስወርድ አዴን መጋዘናቸው በር ላይ አገኘኋቸው። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ሳታስነሡት እንዴት አወቃችሁት?» አሉኝ። የነገሌን የከብት ገበያ አነሣሁላቸው፤ ገዢው በሬውን ቤቱ ወስዶ እስኪያርስበት አይጠብቅም፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። «እሺ፣ ያማ ደንብ ነው» አሉና ትንሽ ቆይተው እንዲህ አሉኝ፦ «በቃል ግን አይሆንም፣ ልጄ። ኮሚቴው የመጣብኝ በደብዳቤ ነው፤ እናንተም በደብዳቤ መልሱልኝ።»

ደብዳቤውን መጻፍ ኮዱን ከማስተካከል ከበደ። ስለተጠቀለለ ቁጥር ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት እንዴት ይጻፋል? በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ የተባለው የዕቃ አለመመሳከር የደረሰው በፕሮግራሙ ስሕተት መሆኑ፣ ስሕተቱ ብዛታቸው ከ127 በላይ በሆኑ ዕቃዎች ሁሉ ላይ የሚታይ መሆኑ፣ በመጋዘን ኃላፊዋ ላይ ምንም ዓይነት ጉድለት ያልተገኘ መሆኑ። ማኅተም ለማግኘት መመላለስ ነበረበት። ግልባጭ ለዞን፣ ግልባጭ ለወረዳ፣ ግልባጭ ለግል ማኅደራቸው። አዴ የግል ማኅደሩን ግልባጭ ራሳቸው ይዘው ሄደው፣ ፋይሉ ውስጥ ሲገባ ቆመው አይተዋል።

ያን ዕለት ማታ ቡና ቀላ ቀመስኩ፤ ከነልጣጩ በቅቤ የተጠበሰ ቡና፣ ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ ነው። ከተሰበሰቡት ሽማግሌዎች አንዱ ስለ ማሽን መበላሸት ሲወራ የሚያነሡትን የነገሌን ታሪክ አነሡ። ጥር 1966 ዓ.ም. ላይ እዚያ የሰፈረው ጦር ወታደሮች የውኃ ፓምፕ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው፤ ወታደሮቹ አመፁ። ከአዲስ አበባ ንጉሡ የላኩትን ጄኔራል ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትን አጠጡት። ዓመት ሳይሞላ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ለአብዮቱ ሌላ ብዙ ምክንያት እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። የሽማግሌው ነጥብ ግን ስለ ፓምፑ ነበር፤ ሲበላሽ አቤት የሚባልበት ሰው አለመኖሩን ነበር የሚያስታውሱት።

ከዚያ ወዲህ ስለነዚህ መሣሪያዎች ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የመጀመሪያው ታዋቂ መሣሪያ ሊንት ይባላል፤ ስቲቨን ጆንሰን በቤል ላብራቶሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለሲ ቋንቋ ሠራው። በእነዚያው ዓመታት፣ በ1977 እ.ኤ.አ.፣ ፓትሪክ ኩዞና ባለቤቱ ራድያ ኩዞ ፈረንሳይ ውስጥ የጉዳዩን ሒሳባዊ መሠረት ጣሉ። ሐሳባቸው አንድ ፕሮግራም ሊያልፍባቸው የሚችሉትን ሁኔታዎች አንድ በአንድ ከመከተል ይልቅ ሁሉንም በሚያቅፍ ግምት መያዝ ነው፤ «ይህ ቁጥር ምንጊዜም ከዜሮ እስከ መቶ ባለው ውስጥ ነው» ማለት ከተቻለ እያንዳንዱን ቁጥር መሞከር አያስፈልግም። ጁን 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት በመጀመሪያ በረራዋ ከተነሣች 40 ሴኮንድ ገደማ ላይ ስትበተን፣ ምክንያቱ በ64 ቢት የተያዘ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲቀየር ሞልቶ መፍሰሱ ነበር። ኮዱ ከቀድሞዋ አሪያን 4 የተወሰደ ነው፤ እዚያ ላይ ቁጥሩ ያን ያህል አይደርስም ነበርና ዓመታት በሰላም ሠርቷል። ይህን ሳነብ የአዴ መጋዘን ነው የታየኝ። እዚያ ልክ፣ እዚህ ስሕተት፤ መስመሩ ግን ያው።

በ2003 እ.ኤ.አ. እነኩዞ የሠሩት አስትሬ የተባለ መሣሪያ የኤርባስ ኤ340 ዋና የበረራ መቆጣጠሪያ የሆነውን 132,000 መስመር ኮድ በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አንብቦ፣ ሲሠራ የሚፈነዳ አንድም ስሕተት እንደሌለበት አረጋግጧል። አንድም ጊዜ ሳያበሩት። ከሐዋሳ ወጥቶ አለታ ወንዶ ለመድረስ በሚፈጀው ጊዜ ገደማ ማለት ነው።

ሁሉም መሣሪያ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። አላን ቱሪንግ በ1936 እ.ኤ.አ. ማንኛውንም ፕሮግራም ተቀብሎ ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚለውን ሁልጊዜ በትክክል የሚመልስ ዘዴ እንደማይኖር አሳይቷል። ስለዚህ ኮድ አንባቢ መሣሪያ ወይ የሚያመልጠው ይኖራል፣ ወይ ንጹሑንም ይከሳል። ይህ ሁለተኛው በእኛ ቢሮ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። «ማሽን ሊያስተምረኝ ነው?» ያለ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ከመቶዎቹ ማስጠንቀቂያዎች ብዙዎቹ ከንቱ መሆናቸውን እያሳየ ይሞግተን ነበር፣ እውነቱንም ነው። የተስማማነው ጥቂት ዓይነት ማስጠንቀቂያዎችን መርጠን በእነሱ ላይ ብቻ ላለመደራደር ነው፤ አሮጌው ኮድ ቀስ በቀስ ይጸዳል፣ አዲስ ኮድ ግን ከእነዚያ አንዱን ይዞ ወደ ነገሌ አይላክም። ያም ልጅ ከወራት በኋላ ከሁላችን በላይ ጥብቅ ሆነ።

ከዚያ 2003 ዓ.ም. መጣ። ዝናቡ በቆላው ሁሉ ቀርቶ ነበር። ሐምሌ ላይ በደቡብ ሶማሊያ ረሃብ መግባቱ ሲታወጅ ሰው ድንበር እየተሻገረ ወደ ዶሎ አዶ ይጎርፍ ነበር፤ ኮቤና ሂሎወይን የተባሉት ካምፖች የተከፈቱት በዚያ ሰሞን ነው። የኦአርኤስ ካርቶን በመኪና እየተጫነ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሪፖርት በአንድ ቀን መዘግየቱ እንደ ቀድሞው «ይደርሳል» የሚባል ነገር አልነበረም። እኔን ያሳሰበኝ ጳጉሜን ነበረች። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ፕሮግራሙ ደግሞ ከተሠራ ወዲህ ስድስተኛ ቀን ያላት ጳጉሜን አላየም።

ፋይንድባግስ ስለ ጳጉሜን የሚያውቀው ነገር የለም። ሜሪላንድ ውስጥ 13ኛ ወር የለም። ነገር ግን መሣሪያው የራስን ደንብ ጽፎ ለመጨመር ክፍት ነው፤ ይህ ከሁሉም በላይ ጥሩ ባሕርዩ ይመስለኛል። ደንባችን ቀላል ነበር፦ ከአንዱ የእኛ የቀን መቁጠሪያ ክፍል ውጭ ቀንን በራሱ መንገድ የሚነካ ኮድ ሁሉ ይጠቆም። አስነሣነው። የማናውቃቸው ቦታዎች ወጡ። አንድ በአንድ ስንከፍታቸው በአንዱ ውስጥ 13ኛው ወር ሁልጊዜ 5 ቀን ነው የሚል ቁጥር ተጽፎ ተገኘ። ጳጉሜን 6 የገባ ዕቃ አይመዘገብም ነበር ማለት ነው። የተስተካከለው ፍላሽ በነሐሴ ወረደ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2003 ዶሎ አዶ ላይ የገባው መድኃኒት በዚያው ቀን ተመዘገበ። ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ እንዲህ ያኮራኝ የለም፤ ማንም ግን አላወቀውም፣ የሚታወቅ ነገር ስላልተፈጠረ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጧት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ከቦሌ በተነሣ በ6 ደቂቃ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅና 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ ስለ ሶፍትዌሩ መወራት እንደ ጀመረ ብዙ ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ ያ መሣሪያ ይህን ያገኘው ነበር? ያገኘው ነበር ብል ደስ ባለኝ። አያገኘውም ነበር። በቦይንግ 737 ማክስ ላይ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋ የነበረው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት፣ አውሮፕላኑ ሁለት የማዕዘን ሴንሰር እያለው፣ የአንዱን ብቻ እንዲያምን ሆኖ ነበር የታቀደው። ኮዱ የታዘዘውን ፈጸመ። ከአራት ወር ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰዎችን ይዞ የወደቀው ሌላው ማክስም በዚሁ ምክንያት ነበር። ኮድ የሚያነብ መሣሪያ መስመር ከመስመር፣ ወይም መስመር ከተሰጠው ደንብ ጋር መጋጨቱን ነው የሚያየው። «በአንድ ሴንሰር ብቻ አትመን» የሚል ደንብ መጻፍ ያለበት ሰው ነው፤ የሚጽፈውም ነገሩ ቢሳሳት ማን ላይ እንደሚወድቅ የሚያስብ ሰው ነው።

ለዚህ ነው ጳጉሜንን የማልረሳት። መሣሪያው ከሜሪላንድ ሲመጣ የሚያውቀው የሁሉም ፕሮግራመር የሆነውን ስሕተት ነው፤ የ127ቱን በነጻ ሰጠን። የቦታውን ነገር ግን ቦታውን የሚያውቅ ሰው እስኪነግረው ድረስ አያውቅም። ዘመነ ሉቃስን አያውቅም። ሰዓታችን በጧት አንድ ብሎ እንደሚጀምር አያውቅም። በቆላው ሰው ስም ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሣጥን ባዶ እንደሚቀር አያውቅም።

በቅርቡ ሞያሌ ሄጄ ነበር። ድንበሩ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ ሰው በዚህ ተኝቶ በዚያ ይሠራል፣ ኪሱ ውስጥም የኬንያ ሲም አለ። እዚያ የታካሚ መመዝገቢያ ላይ የሚሠራ ወጣት አገኘሁ፤ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ ይናገራል፣ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ወደ ከተማው የተመለሰ ነው። እኔ ስለ ፋይንድባግስ ሳወራለት በትዕግሥት ሰማኝና «ጋሼ፣ አሁን እኮ ሴምግሬፕ አለ» አለኝ። ደንቡ በጥቂት መስመር ይጻፋል፤ ኮዱን በፍላሽ ማመላለስ የለም፤ አንድ ሰው መስመር በጨመረ ቁጥር መሣሪያው ራሱ ያነባል።

ከዚያ የጻፈውን ደንብ አሳየኝ። የስልክ ቁጥር በ09 ወይም በ251 ብቻ ይጀምራል ብሎ የሚያምን ኮድ ሁሉ ይጠቆማል። ምክንያቱን ሲነግረኝ፣ በ254 የሚጀምር ስልክ ያላት ነፍሰ ጡር ስትመጣ መመዝገቢያው ቁጥሯን አልቀበልም ይል ነበር፤ ነርሷም ሣጥኑን ለመሙላት የራሷን ስልክ ታስገባ ነበር፤ የቀጠሮ ማስታወሻው ለእናትየዋ መሆኑ ቀርቶ ለነርሷ ይደርስ ነበር። «አንዱን ቦታ አስተካክዬ ነበር» አለኝ፣ «ሌላ ስንት ቦታ እንዳለ ግን አላውቅም።» ደንቡን እፊቴ አስነሣው። ዝርዝሩ ከስክሪኑ አልፎ ወረደ፤ በቀጠሮው፣ በላብራቶሪው፣ በክትባቱ ክፍል። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገና የመጀመሪያውን ከፈተ፤ እኔም ሌላ ወንበር ፈልጌ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ ልጀምርለት።